በገዛ ድምፃቸው የተሸነፉ ሰው

ሬድዮ ስሰማ ያቅለሸልሸኛል። ለማጋነን አይደለም። ያ ለስላሳ ድምፅ መጥቶ "ሁኔታው ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ስር ውሏል" ሲል፣ የበቆሎ ገንፎአችንን ንሺማ እያገነፋሁ ቢሆን እንኳ ማማሰያውን ጥዬ ሄጄ እዘጋዋለሁ። ልጄ ምዊዛ "እማ፣ ዘፈን ሊመጣ ነው እኮ" ትለኛለች። ዘፈኑም ይቅርብኝ። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣብኝ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር ስለ ባ ላይሰን ሳካላ እነግረዋለሁ።

ባ ላይሰን፣ ባ የምንለው ለአክብሮት ነው፣ የካምቤሌ ሰፈር ለፋፊ ነበሩ። ከቺፓታ ወደ ከተማ የመጡት በወጣትነታቸው ነው፤ የሳሙና ፋብሪካ ዘበኛ ሆነው ሠሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ የመጨረሻ ደሞዛቸውን መክፈል ያቃተው ሥራ አስኪያጅ የሠራተኞች ስም ይጠሩበት የነበረውን ሜጋፎን "ይኸው፣ ይሄን ውሰድ" ብሎ ሰጣቸው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ወርውሮለት ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ብስክሌታቸው መሪ ላይ በገመድ አስረው ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራቸውን በሉበት።

ሰው ሲሞት ይለፍፋሉ። ልጅ ሲጠፋ፣ ፍየል ሲሰረቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዝግጅት ሲኖራቸው፣ መብራት ሊቋረጥ ሲሆን፣ ሁሉንም እሳቸው ናቸው በየጭቃው መንገድ እየዞሩ የሚናገሩት። ስልክ በየሰው እጅ ከገባ በኋላ እንኳ ሥራቸው አልቀረም፤ እንዲያውም ባሰ። በስልክ የመጣውን ወሬ ሁሉ ሰው "ባ ላይሰን ብለውታል?" ብሎ ነበር የሚያጣራው። ካላሉት ወሬ ነው፤ ካሉት ሆኗል።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ ያላዩትን አይለፍፉም። ሞት ከሆነ ለቅሶው ቤት ገብተው አስከሬኑን ያያሉ። ፍየል ጠፋ ከተባለ የታሰረችበትን ችካል ሄደው ያያሉ። "አፍማ ያለው ሰው ሞልቷል" ይሉ ነበር፤ "እኔን የምትቀጥሩኝ ለዓይኔ ነው።"

አንድ ጊዜ ዳማስ የሚባል የሚኒባስ ረዳት እያለቀሰ መጥቶ የአማቱን ሞት እንዲለፍፉለት ጠየቃቸው። ለቅሶ ቤት ሲለፈፍ ጎረቤት ዱቄትና ባቄላ ይዞ ይመጣልና ዳማስ ዓይኑን የጣለው እዚያ ላይ ነበር። ባ ላይሰን እንደ ልማዳቸው ብስክሌታቸውን አስነስተው ሊያዩ ሄዱ። ሴትዮዋ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። ተመልሰው መጡና "ዳማስ፣ ስትሞት እመጣለሁ" አሉት፤ "እስከዚያ ሄደህ ኦቾሎኒውን አግዛት።" ሰፈሩ ስንት ወር ሳቀበት። ዳማስም ራሱ ሳቀበት፤ ኀፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

እንግዲህ ኮሌራው የገባው በዚያ ዓመት ጥር ላይ ነው። ዝናቡ ከገና ጀምሮ አላባራ ብሎ የመጸዳጃ ጉድጓዶቹን ሁሉ ሞልቶ መንገድ ላይ አወጣቸው። ሬድዮው ለሁለት ሳምንት "አጣዳፊ የሆድ ሕመም" ሲል ቆየ። የበሽታው ስም ሲጠራ ማን እንደሚሞት አላውቅም፤ እኛ ስሙ ሳይጠራም እየሞትን ነበር። የሩዝ ውሃ የመሰለ ነገር ከልጇ ሥር ስትጠርግ ያደረች እናት ስሙን እንዲነግራት ሬድዮ አትጠብቅም።

ቀጥሎ ጥፋተኛ ተፈለገ። የከተማው ሰዎች ሩቅ አልሄዱም። የውሃ ጉድጓድ ያለው ሰውና ምግብ የምትሸጥ ሴት ተገኙ። ጉድጓዶቹን በአፈርና በሲሚንቶ ደፈኗቸው። እኔ በዚያ ጊዜ በዳቦ ዱቄት ቪቱምቡዋ እየጠበስኩ መንገድ ዳር እሸጥ ነበር፤ ጓንት ያደረጉ ሰዎች መጥተው መጥበሻዬን ከነዘይቱ ቦይ ውስጥ ደፉት። በሚንተከተክ ዘይት የተጠበሰ ሊጥ ኮሌራ ያመጣል ብሎ የሚያምን ሐኪም የት እንደተማረ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የተገለበጠው መጥበሻዬ ፎቶ ወጣ፤ ከሥሩ "ከበሽታው ምንጮች አንዱ" ተብሎ ተጽፏል። ፎቶውን ያነሳው ሰው ከመደፋቱ በፊት አራት ቪቱምቡዋ ገዝቶ በልቷል፤ መልሱንም ሰጥቼዋለሁ።

ጉድጓዱ ከተደፈነ የቀረን የቧንቧው ውሃ ብቻ ነው። የውሃ ቤቱ ቺቡኩ የምንለው ጠላ ከሚሸጥበት ቤት ወዲህ ነው፤ በላዩ ታንከር የተሰቀለበት ሁለት ቧንቧ ያለው ትንሽ ቤት። ጠዋት ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያህል ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ውሃው ሽታ ነበረው፤ ስለዚህ ሁላችንም እያፈላን ነበር የምንጠጣው። ግን በዝናብ ወቅት ደረቅ ከሰል ከየት ይመጣል? አንዳንዱ ቤት ከሰሉ ለንሺማው እንኳ አልበቃ ብሎ ነበር። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ማጉረምረሙ ከተማ ድረስ ሲሰማ ዶክተር ምዋንሳ መጣ።

ዶክተር ምዋንሳ የከተማው ጤና መምሪያ ኃላፊ ነው። ሸሚዙ እንደ ነጣ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ጣውላ እየተነጠፈለት ነው የገባው። ሦስት መኪና፣ ሁለት ካሜራና ሉምባ የምትባል የሬድዮ ጋዜጠኛ ይዞ መጣ። ሰው ሬድዮውን እንደማያምን ያውቃል መሰለኝ፣ መጀመሪያ የጠራው ባ ላይሰንን ነው። እኛ ከበን ቆመን እናያለን።

"ባ ላይሰን፣ ውሃው ተመርምሯል። ወረቀቱ ይኸው" አላቸው። "ይህንኑ ለሕዝቡ እንዲያሰሙልን ነው።"

"ወረቀት አይጠጣም፣ ዶክተር" አሉ ባ ላይሰን። "ሲቀዳ ልየው። ሲጠጣ ልየው።"

ሕዝቡ ሳቀ። ዶክተሩም ፈገግ አለ፤ አሁን ሳስበው ያ ፈገግታ የተዘጋጀ ነበር። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ብርጭቆ በትሪ መጣ። ከቧንቧው ተቀዳ። ባ ላይሰን ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት፣ አሸተቱት፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። ዶክተር ምዋንሳ ግማሹን ጠጣ፤ እሳቸው ቀሪውን ጨለጡት። ከዚያ ሁለት ባልዲ አስቀድተው ታች ያለውን ዝቃጭ ፈለጉ። ዝቃጭ የለም። ሽታም የለም።

ሉምባ መቅጃዋን አፋቸው ሥር አስጠጋችላቸው። ባ ላይሰን ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፤ "እኔ ላይሰን ሳካላ ነኝ። ሲቀዳ አይቻለሁ፤ ጠጥቼዋለሁ። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ነው። ሳትፈሩ ጠጡ።" በዚያ ቀን በብስክሌታቸው እየዞሩ ይህንኑ ለፈፉ። እኔ በበኩሌ የዶክተሩን ወረቀት ለምድጃ ማቀጣጠያ እንኳ አልቀበለውም ነበር፤ ባ ላይሰን ካሉ ግን አለቀ። ከሰሌን ለንሺማ አስቀመጥኩት፤ ሰፈሩም ሁሉ እንዲሁ አደረገ።

ኢስናርት የባ ላይሰን ግድግዳ ጎረቤት ናት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ልብስ የምትሰፋ፣ ስትስቅ ሁለት ቤት አልፎ የሚሰማ፣ ወጣት ሴት ነበረች። ባ ላይሰን ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ማታ የሚበሉትን በሳህን ሸፍና የምትሰጣቸው እሷ ነበረች። "ባ ላይሰን፣ ዛሬ የካፔንታ ዓሣ ነው፤ አይተው ካልለፈፉት እንዳይበሉ" እያለች ትቀልድባቸዋለች። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ኢስናርት አንድ ሌሊት ውስጥ አሮጊት መስላ ተገኘች። በእጅ ጋሪ አድርገን ወደ ሕክምና ድንኳኑ ወሰድናት። ነርሷ በር ላይ "ምን ጠጣሽ?" አለቻት።

"ከቧንቧው ሌላ ምንም አልጠጣሁም" አለች ኢስናርት። ባ ላይሰን የጋሪውን እጀታ ይዘው ቆመዋል። "እሳቸው ካሉ ወዲያ አላፈላሁም።"

ለወቀሳ አልነበረም የተናገረችው። የተጠየቀችውን መመለሷ ነው። ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። የድንኳኑ ሠራተኞች በላስቲክ ጠቅልለው ራሳቸው ወስደው ቀበሯት፤ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ተከልክሏል፤ ባ ላይሰን ሊያዩዋት ቢለምኑ ዚፑን የሚከፍትላቸው አላገኙም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የኢስናርት ሞት ብቻ ነው ሳይለፈፍ የቀረ። በዚያው ቀን ማታ ሬድዮው "ባለፉት ሰባት ቀናት ምንም ዓይነት ሞት አልተመዘገበም" አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያወቅኩት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። በጊዜው እኔ ያየሁት ባ ላይሰን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ቦይ ለቦይ ሲሄዱ ነው። ሐዘን አናታቸው ላይ ወጣ ብዬ አዘንኩላቸው።

ቧንቧውን ከውሃ ቤቱ ጀምረው ተከትለውት ነበር ለካ። ከቺቡኩ መሸጫው ጀርባ የመጸዳጃው ፍሳሽ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ ይገባል። እዚያ መጋጠሚያው ተሰንጥቆ በመኪና ከመነዳሪ ተጠቅልሏል፤ ከመነዳሪው ራሱ በስብሷል። ውሃው ሲመጣ ቧንቧው ወደ ውጭ ይረጫል። ውሃው ሲቋረጥ ደግሞ የቦዩን ጥቁር ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ባ ላይሰን እዚያው ቆመው ሲስብ አዩት።

ታዲያ ያን ቀን እንዴት ንጹሕ ሆነ? የውሃ ቤቱን ጠባቂ ካቶንጎን ጠየቁት።

"ያን ቀንማ ንጋት ላይ ቦቴ መጥቶ ታንከሩን ሞልቶት ሄደ" አላቸው ካቶንጎ። "እርስዎ የጠጡት የቦቴውን ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝማ። ልየው አሉ፤ አዩ።"

ወዲያው ሜጋፎናቸውን ይዘው ከተማ ወረዱ። የጤና መምሪያው በር ላይ ያለው ዘበኛ "መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ብሎ ሜጋፎኑን ተቀበላቸው። ዶክተር ምዋንሳ ቢሮ በር ላይ እስከ ቀትር አስቀመጧቸው። ሲገቡ ቧንቧውን፣ ከመነዳሪውን፣ ቦቴውን፣ ሁሉንም ነገሩት። ቃሌን ልመልስ፣ ሌላ ልለፍፍ አሉት።

"ባ ላይሰን፣ ውሃውን አልጠጡም?"

"ጠጥቻለሁ።"

"ታመሙ?"

"አልታመምኩም።"

"ታዲያ ምን ዋሸን?"

"ኢስናርት ሞታለች።"

ዶክተሩ አንድ መዝገብ ገለጥ አደረገ። "የእሷ የምርመራ ውጤት አልደረሰም። ውጤት ሳይደርስ አይመዘገብም።"

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

"የመመርመሪያው ኬሚካል ሲገባ።"

"እስከዚያ ሞታለች ወይስ አልሞተችም?"

"ለእናንተ ሞታለች" አላቸው ያ የተማረ ሰው፣ በትዕግሥት። "ለእኛ በሂደት ላይ ናት።"

ይህን ቃል ባ ላይሰን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ቃሉ ትዝ ሲለኝ እጄን መታጠብ ያምረኛል። ሲወጡ ደግሞ ሜጋፎኑ የለም። ዘበኛው "ለምዝገባ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ" አላቸው።

ከዚያ ሬድዮ ጣቢያው ሄዱ። ሉምባን በር ላይ አገኟት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም ይላሉ፤ እኔ ግን ይህን አልቀበላቸውም።

"አምንዎታለሁ፣ ባ ላይሰን" አለቻቸው። "ግን ሚዛናዊ መሆን አለብን። የመምሪያውን ምላሽ ጠይቀን፣ ሲመልሱ ሁለቱን አብረን እናወጣዋለን።"

"ያን ቀን እኔን ስትቀጂኝ የማንን ምላሽ ጠበቅሽ?"

ሉምባ ስልኳን ማየት ጀመረች። ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ "የጣቢያውን መኪና ነዳጅ የሚሞላው መምሪያው ነው" አለቻቸው። ይህቺን አንዲት እውነት ከዚያ ጣቢያ ያገኟት በር ላይ ነው፤ በአየር ላይ አልዋለችም።

በማግስቱ ሰፈራችን አንድ ነጭ ፒካፕ ገባ። ላዩ ላይ አራት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተጭኗል። የሚለፍፈው ማንን መሰላችሁ? ባ ላይሰንን። "እኔ ላይሰን ሳካላ ነኝ። ሲቀዳ አይቻለሁ፤ ጠጥቼዋለሁ። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ነው። ሳትፈሩ ጠጡ።" ሲያልቅ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በየመንገዱ፣ በየጓሮው፣ ቀኑን ሙሉ።

ከመኪናው ኋላ ደግሞ ራሳቸው ባ ላይሰን በእግራቸው ይከተላሉ። "ውሸት ነው! እኔ ነኝ የምነግራችሁ፣ አትጠጡ! አፍሉት! ቧንቧው ተሰብሯል!" ይላሉ በባዶ ጉሮሯቸው። አራት ድምፅ ማጉያና አንድ የስልሳ ዓመት ሰው። እሳቸው "አትጠ" ሲሉ መኪናው "ሳትፈሩ ጠጡ" ብሎ ይጨርስላቸዋል።

ዳማስ የሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ባ ላይሰን፣ ከሁለታችሁ የትኛውን እንቅጠር?" አላቸው። መንገዱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ሬድዮን አላምንም፣ ጋዜጣን አላምንም፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አላምንም እያልኩ የምፎክር ሴት፣ የመኪናውን አመንኩ፤ ምክንያቱም የሬድዮ ድምፅ አልነበረም፣ የባ ላይሰን ድምፅ ነበር። ያኛው ባ ላይሰን ረጋ ያለ ነው፤ እርግጠኛ ነው። ይኼኛው ጭቃ በጭቃ የሆነ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ጎረቤቱ የሞተችበት ሰው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በየቤቱ እየገቡ ለመኑ። እኔንም በሬ ላይ ቆመው "የምዊዛ እናት፣ በልጅሽ፣ አፍዪው" አሉኝ። "እሺ ባ ላይሰን" አልኳቸው፤ ከሰሉን ግን አልነካሁትም። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ድምፃቸው ጨርሶ ተዘጋ።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈናል። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ቦዩ ሞልቶ አድሯል፤ ውሃው ዘግይቶ መጣ። ዘጠኝ ሴቶች ቀድተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኛ አሥራ አራት የምንሆን ደግሞ ቀድተን፣ ባልዲዎቻችንን በመስመር ደርድረን፣ ጀሪካን እስኪሞላልን እንጠብቃለን። ያኔ ነው ባ ላይሰን የመጡት።

መጀመሪያ ፊታችን ቆሙና አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቧንቧውን አሳዩን፣ ሆዳቸውን ያዙ፣ እጃቸውን እንደሚለምን ሰው ዘረጉ። አምቡያ ሴሊና፣ ከሁላችን ትልቋ፣ "ልጄ ላይሰን፣ ሂድ ቤትህ ገብተህ ተኛ። ሐዘን ነው፤ ያልፍልሃል" አለቻቸው። በዚያው ቅጽበት ነጩ ፒካፕ ከታች መንገድ ዞሮ መጣ። "ሲቀዳ አይቻለሁ፤ ጠጥቼዋለሁ።" ባ ላይሰን ወደ መኪናው ዞረው አዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩና የመጀመሪያዋን ባልዲ በእግራቸው ገፍተው ደፏት።

በሰፈራችን ወንድ ልጅ፣ ሴት የቀዳችውን ባልዲ ክዳኑን እንኳ ሳይጠይቅ አይነካም። ልጆቿ የሚጠጡት ነው፤ ከንጋት ጀምሮ የቆመችበት ነው። ባ ላይሰን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስንት ጊዜ አሮጊቶችን ባልዲ ሲያሸክሙ አይተናል። ሁለተኛዋን ደፉ፣ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን። መስመሩን እየተከተሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድም ሳይዘሉ ደፉት። ስምንተኛዋ የእኔ ነበረች።

"አንተ ሰካራም" አልኳቸው። አሥራ ሰባት ዓመት አንቱ ያልኳቸውን ሰው። ባዶውን ባልዲ አንስቼ በጠርዙ ጆሯቸው ላይ መታኋቸው። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ከእኔ በኋላ ሌሎቹ ገቡበት። ሲወድቁ እንኳ በክንዳቸው አጠገባቸው ያለችውን ባልዲ ገፉ፤ የቀሩትን እኛው በግርግሩ ረግጠን ገለበጥናቸው። ፖሊስ ሲመጣ ከአሥራ አራቱ አንድም የቆመ አልነበረም፤ ውሃውም ሄዷል። እያንዳንዳችን እየተራገምን ባዶ ባልዲ ይዘን ገባን። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር ከተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ለምኜ ለምዊዛ ሰጠኋት።

ማታ ሬድዮው እንዲህ አለ፤ "በካምቤሌ ሰፈር በስካር መንፈስ ውስጥ የነበረ አንድ ግለሰብ በውሃ ቀጂዎች ላይ ጥቃት ለማድረስ ሲሞክር በኅብረተሰቡ ትብብር በቁጥጥር ስር ውሏል። የጤና መምሪያው ኃላፊ ዶክተር ምዋንሳ ኅብረተሰቡ ላሳየው ንቃት ምስጋናቸውን አቅርበዋል።" ያነበበችው ሉምባ ናት። የግለሰቡን ስም አልጠቀሰችም፤ እንዴት ትጠቅስ? ስሙ በመኪናው ላይ ውሃ እያስጠጣ ነው። የተመሰገነው ኅብረተሰብ ደግሞ እኔ ነኝ። በሕይወቴ መንግሥት ያመሰገነኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ጋሪዎቹ መውጣት ጀመሩ። ባ ላይሰን ከመድረሳቸው በፊት ቀድተው ከሄዱት ከዘጠኙ ቤቶች ነው። እስከ እሑድ ድረስ ከዘጠኙ ቤት አራት ሰው ተቀበረ፤ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። ባልዲያቸው ከተደፋው ከአሥራ አራታችን ቤት አንድም ሰው ሆዴን አላለም። ይህን ለመቁጠር የተማረ ሰው አያስፈልግም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ እርስ በርሳችን ተያየን። በዚያው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ማፍላት ጀመረ።

ሰኞ አካፋ የያዙ ሠራተኞች ከቺቡኩ መሸጫው ጀርባ ቆፍረው ቧንቧውን በአዲስ ቀየሩት። ካሜራ አልመጣም። ከሳምንት በኋላ ሬድዮው በመምሪያው የተቀናጀ ርብርብ በሽታው መገታቱን፣ በጠቅላላው ሦስት ሰው ብቻ መሞቱን ነገረን። ኢስናርት አሁንም በሂደት ላይ ናት። አራቱም በሂደት ላይ ናቸው። ዶክተር ምዋንሳ ወደ ትልቁ ቢሮ ተዛወረ። የባ ላይሰንን ድምፅ ደግሞ አልጣሉትም፤ ጥር በመጣ ቁጥር ያንኑ ቅጂ ያዞሩታል። ምናልባት ውሃው አሁን እውነትም ንጹሕ ነው። እኔ አፈላለሁ፤ ሲያልፍ ደግሞ ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ እከታለሁ።

ባ ላይሰንን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለቀቋቸው። ሜጋፎኑ አልተመለሰም። ድምፃቸውም እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። የመታኋቸው ጆሮ አይሰማም። ይህን ነርሷ ነገረችኝ፤ እሳቸው አልነገሩኝም።

በተፈቱ በማግስቱ ንሺማና ዶሮ ሠርቼ በሳህን ሸፍኜ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ። ሳህኑን ፊታቸው አስቀምጬ ውሃ እጃቸው ላይ አፈሰስኩላቸውና "የፈላ ነው" አልኳቸው።

"ባ ላይሰን" አልኳቸው፣ "ያን ቀን እኔ…"

ደህናውን ጆሯቸውን አዞሩልኝ።

"የምዊዛ እናት" አሉኝ በሹክሹክታ። "እስር ቤት ሆኜ ሳስበው የነበረው አንድ ነገር ነው። ስትመቺኝ ወደቅኩና ያንቺ ፈሶ ሲያልቅ አላየሁትም። ፈሷል?"

"ፈሷል፣ ባ ላይሰን።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ጠብታ አልቀረም።"

ከንሺማው ቆርሰው አድበለበሉና መብላት ጀመሩ።